አምፊካሩን ወደ ውሃ መመለስ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

ጋራዡ ውስጥ የገባው መኪና እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራ አምፊካር 770 ነው። በአስፋልት መጥቶ ቀጥ ብሎ ሐይቅ ውስጥ የሚገባ፣ ከሐይቁም በራሱ ጎማ የሚወጣ፣ ጣራው የሚታጠፍ ባለ አራት መቀመጫ መኪና። ሐሳቡ የጀርመናዊው የሃንስ ትሪፕል ነው። የመጀመሪያው ናሙና በ1959 ጄኔቫ ላይ «ዩሮካር» ተብሎ ታየ፤ በ1961 ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ አምፊካር በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። የኳንት ቤተሰብ ኩባንያዎች በሉቤክና በበርሊን የሠሩት በጠቅላላ 3,878 ብቻ ሲሆን አብዛኛው አሜሪካ ገብቷል። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ቴክሳስ ባለው እርሻቸው እንግዳ ጭነው «ፍሬኑ እምቢ አለ!» እያሉ ወደ ሐይቅ የሚነዱት መኪና ይኸው ነበር። 770 የሚለው ቁጥር በውሃ ላይ 7፣ በመንገድ ላይ 70 ማይል በሰዓት ከሚለው የመጣ ነው።

ይህን መኪና ለማደስ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ሞተሩ ይጨነቃል። ሞተሩ ግን የቀላሉ ቀላል ነው፤ የእንግሊዙ ትሪምፍ ሄራልድ 1200 ሞተር በመሆኑ ዕቃው ዛሬም ይገኛል። ከባዱ ሥራ ላሜራው ነው። በተራ መኪና ወለል ላይ የመርፌ ቀዳዳ ብትኖር ምንጣፍ ታረጥባለች፤ እዚህ ግን ወለሉ የጀልባ ቀፎ ስለሆነ ያቺው ቀዳዳ የሰው ሕይወት ጉዳይ ናት። ስለዚህ በየደረጃው የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ውሃው በየት ሊገባ ይችላል? ከገባስ በየት ይወጣል?

1ኛ ሳምንት፦ ማራገፍ

ከማንኛውም ዕቃ በፊት የወጣው ባትሪው፣ ቀጥሎም ቤንዚኑ ነው። ሰልባቲዮው (የቤንዚን ታንኩ) ከፊት ሆኖ 47 ሊትር ይይዛል። ተራ መኪና ከሥሩ ክፍት ስለሆነ የፈሰሰ ቤንዚን መሬት ላይ ይንጠባጠባል፣ ጋዙም ይበተናል። የአምፊካር ቀፎ ግን ድፍን ነው፤ የቤንዚን ጋዝ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ተኝቶ ይቆያል። ሰልባቲዮው ወጥቶ፣ የኋላው ኮፈን ተከፍቶ፣ አንድ ሙሉ ቀን አየር ሳይነፍስበት ግራይንደር ወደ መኪናው አልቀረበም። ይህን ጥንቃቄ የሚያክል ሌላ የለም።

ከዚያ መቀመጫ፣ ምንጣፍ፣ ጣራ፣ መስተዋት፣ ሞተር ከነካምቢዮው (ማርሽ ሳጥኑ) ወጡ። እያንዳንዱ ብሎን ከወጣበት ቦታ ስም ጋር በላስቲክ ከረጢት ገባ። ከቀፎው በታች በኩል የሚያልፍ ብሎን ሁሉ ለብቻው በቀይ ምልክት ተለየ፤ ሲመለስ ሮንዴላው (ከብሎኑ ሥር የሚገባው ቀለበት)፣ ጎማው፣ ማሸጊያው ሁሉ አዲስ መሆን አለበትና። ተቆጥረው 64 ሆኑ። ይህ ዝርዝር ውሃ ላይ ከመውረዳችን በፊት አንድ በአንድ የሚረጋገጥበት መዝገብ ይሆናል።

የማፍሰሻው ታፖ (የቀፎው ቀዳዳ መክደኛ) ሲፈታ የወጣው ቡናማ ጭቃ ነበር፤ ብዙ ነገር ይናገራል። መኪናው ከውሃ ወጥቶ ሳይደርቅ የቆመባቸው ዓመታት አሉ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቀፎ ከውጭ አይበላም፤ የሚበላው ከውስጥ፣ ውሃ ከሚተኛበት ዝቅተኛ ማዕዘን ነው።

2ኛ ሳምንት፦ የላሜራው ውፍረት

ከውጭ ሲታይ የዳነ የሚመስል ወለል ብዙ ጊዜ ያታልላል። ወለሉን በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በጠመኔ አሰመርን፤ በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ቀለሙን በሳንቲም ስፋት ፍቀን በአልትራሳውንድ መለኪያ ለካን። ያልተነካው ቦታ 1.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያነባል። ወሰናችን ግልጽ ነው፦ ከ1.2 በላይ ያለው ይቆያል፣ በ1.0 እና በ1.2 መካከል ያለው ከውስጥ ጸድቶ እንደገና ይለካል፣ ከ1.0 በታች ያለው ይቆረጣል።

የተበላው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ከፊት መቀመጫ ሥር ያለው ዝቅተኛ ሸለቆ፤ እዚያ 0.6 ያነበብንበት ቦታ አለ። ሁለተኛው የኋላ ጎማዎቹን የሚይዙት ክንዶች የሚታሰሩበት ዙሪያ። ሦስተኛው ከግራ በር ሥር ያለው ጠርዝ ነው፤ ከዚህ ቀደም የሠራው ሰው ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ቀብቶበታል። ስቱኮ ከውሃ መስመር በታች ፈጽሞ መግባት የለበትም። ውሃ ይመጥጣል፣ ከላሜራው ጋር በእኩል አይሰፋም አይኮማተርም፤ ስለዚህ ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ይከፍትና ውሃውን ከኋላው አፍኖ ይይዘዋል። ሲነሳ ከሥሩ የተገኘው ብረት በካቻቢቴ ጫፍ የሚበሳ ነበር።

ከ3ኛ እስከ 6ኛ ሳምንት፦ ብየዳ

ከመቁረጥ በፊት ማሰር ይቀድማል። ቋሚ ጣራ የሌለው መኪና ነው፤ በሮቹም ከውሃ መስመር በታች ስለሚወርዱ ከላስቲካቸው ጋር በሚሊ ሜትር መግጠም አለባቸው። ወለሉ ተቆርጦ ቀፎው ሁለት ሚሊ ሜትር ቢከፈት በሩ እንደ መኪና በር ይዘጋል፣ እንደ ጀልባ በር ግን አይዘጋም። በየበሩ ክፍተት ውስጥ ባለ 30 ሚሊ ሜትር ካሬ ቱቦ በመስቀል፣ ከግራ ወደ ቀኝ ደግሞ ሁለት አግዳሚ ተበየደ። የእያንዳንዱ በር ሁለት ሰያፍ ልኬት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ከእያንዳንዱ የቁራጭ ለውጥ በኋላ እንደገና ይለካል። ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ፈቀቅ ካለ ሥራው ይቆማል።

ቁራጩ የሚገባው ጠርዝ ለጠርዝ ነው። ባትላሜራ (የመኪና አካል ቀጥቃጭ) የለመደው ማደራረብ፣ ማለትም አዲሱን ላሜራ በአሮጌው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር አስደርቦ መበየድ፣ ለተራ መኪና ወለል ይበቃ ይሆናል። ለቀፎ ግን መርዝ ነው። በሁለቱ ላሜራ መካከል ቀለምም ማሸጊያም የማይደርስበት ጠባብ ኪስ ይፈጠራል፤ ውሃ በመርፌ ቀዳዳ ይገባበትና አይወጣም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ዝገቱ ሁለቱን ላሜራ እንደ መጽሐፍ ገልጦ ይለያያቸዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተበላው ቦታ በጎን ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ደህና ብረት እስኪገኝ ይቆረጣል። ማዕዘኑ በጭራሽ ሹል አይሆንም፤ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ይሰጠዋል፣ ስንጥቅ የሚነሳው ከሹል ማዕዘን ነውና። አዲሱ ላሜራ 1.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከአሮጌው ጋር በ1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቆማል። በሚግ መበየጃ፣ በ0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ በየ3 ሴንቲ ሜትሩ ነጥብ ይነጠባል። ከዚያ መስመሩ ይሞላል፦ 2 ሴንቲ ሜትር እዚህ፣ ቀጥሎ ከዚያ ርቆ ሌላ 2 ሴንቲ ሜትር። የተበየደው ቦታ በባዶ እጅ እስኪነካ ድረስ አጠገቡ አይበየድም። በአንድ ትንፋሽ 20 ሴንቲ ሜትር የበየደ ሰው ወለሉ እንደ ቆርቆሮ ሲጎብጥበት ያያል። እኛም ከመቀመጫው ሥር ያለውን ሁለተኛ ቁራጭ ስንጨርስ ቸኩለን 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ጉብታ አስነሳን። በመዶሻና በድጋፍ ብረት መስመሩን ራሱን ቀጥቅጦ መዘርጋት 3 ሚሊ ሜትሩን መለሰው፤ የቀረችው 1 ሚሊ ሜትር ምንም አታደርግም።

ለማጽዳት አሸዋ የተነፋው ከውስጥና ከታች ብቻ ነው፤ ያውም በደቃቅ ጋርኔት፣ በ3 ባር ግፊት። ጎኖቹና የፊቱ ኮፈን ሰፊና ለጥ ያሉ ስለሆኑ አሸዋ ከነካቸው ይጎብጣሉ። እነሱ በቀለም ማንሻ ኬሚካል ተነሥተው በእጅ ተጠረጉ። ሰባት ቀን ፈጀ፤ ይገባዋል።

7ኛ ሳምንት፦ ጠመኔና ላምባ

ብየዳው ያማረ መሆኑ ውሃ አያሳልፍም ማለት አይደለም። የመርፌ ቀዳዳ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ብየዳው በቆመበትና እንደገና በተጀመረበት ነጥብ ላይ ነው፤ በዓይን አይታይም። ለዚህ የድሮ ታንክ ሠሪዎች ዘዴ ከሁሉ ይበልጣል። 400 ግራም የጠመኔ ዱቄት በ1 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ የብየዳው መስመር ከውጭ በኩል በብሩሽ ይቀባል። ደርቆ ነጭ ሲሆን ከውስጥ በኩል በዚያው መስመር ላይ ላምባ ይቀባል። ላምባ ከውሃ ይልቅ ቀጭን ክፍተት ውስጥ ይሳባል፤ ውሃ በሰዓታት የማያልፍበትን ቀዳዳ በደቂቃዎች ያልፋል። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ነው።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነጩ ላይ አንዲት ግራጫ ነጥብ ብቅ አለች፤ የምስር ፍሬ ታክላለች። ስትታይ እየሰፋች ዙሪያዋ እንደ ቅባት ወረቀት አሳለፈ። በአንድ ሰዓት ውስጥ 11 ነጥቦች ወጡ። ሰባቱ እኛ የበየድነው ላይ፣ ሁሉም መስመር በጀመረበት ቦታ ሲሆኑ፣ አራቱ ደግሞ በፋብሪካው አሮጌ መጋጠሚያ ላይ ናቸው። አራቱ ይበልጥ ያስተምራሉ፤ ስድሳ ዓመት የቆየ መጋጠሚያ ስላልተነካ ብቻ ደህና ነው ብሎ መገመት አይቻልም።

እያንዳንዷ ነጥብ በቀጭን ዲስክ ተቦርቡራ፣ ላምባው በአሴቶን ታጥቦ፣ በሞቀ አየር ደርቆ፣ እንደገና ተበየደች። ላምባ የቀረበት ብረት ሲበየድ አረፋ ያወጣል፣ አዲስ ቀዳዳም ይሠራል። በሁለተኛው ሙከራ ሁለት ነጥብ ቀረ፤ በሦስተኛው ነጩ ነጭ ሆኖ አደረ።

ከዚህ በኋላ ባዶው ቀፎ ውስጥ ውሃ መሙላት ይቻላል፤ የውሃውን ክብደት ማስላት ግን ግድ ነው። የወለሉ ስፋት 3.6 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 360 ሊትር፣ ማለትም 360 ኪሎ ግራም ነው። ቀፎው በአራት ነጥብ ላይ ብቻ ቆሞ ይህን ከተሸከመ ይለምጣል። ከሥሩ ስምንት እንጨት ደገፍንና አንድ ሌሊት አሳደርነው። ጠዋት ወለሉ ደረቅ ነበር።

8ኛ ሳምንት፦ ቀለም

ሁለት እጅ ኤፖክሲ ፕራይመር፣ በመካከላቸው መጋጠሚያው ሁሉ በፖሊዩሬታን ማሸጊያ፣ ከላይ ሌላ ኤፖክሲ፣ ከውስጥም ከውጭም። የጀልባ ሥር የሚቀባው አልጌ ተከላካይ ቀለም አያስፈልግም፤ መኪናው ውሃ ውስጥ አያድርም። የላይኛው ቀለም የፋብሪካው «ፊዮርድ አረንጓዴ» ነው።

9ኛ እና 10ኛ ሳምንት፦ ሞተሩ

1147 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 69.3፣ ምቱ 76 ሚሊ ሜትር። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ሲነሳ ሲሊንደሮቹ ደህና ሆነው ተገኙ። የእርሳስ ቤንዚን ስለሌለ የጭስ ቫልቮቹ መቀመጫ በጠንካራ ብረት ተተካ፤ አለበለዚያ ቫልቩ መቀመጫውን እየቀጠቀጠ ይሰምጣል፣ ክፍተቱም ይዘጋል።

በዚህ ሞተር ላይ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ግን የክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንቀሳቀስ ነው። በእነዚህ የትሪምፍ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ክራንክ ሻፍቱን ባለበት የሚይዙት በመጨረሻው ብሮንዝ (ዘንጉ የሚዞርበት መቀመጫ) ግራና ቀኝ የሚገቡ ሁለት ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ሮንዴላዎች ናቸው። ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥር ክራንክ ሻፍቱ በአንደኛው ላይ ይገፋል። ሮንዴላው ሲያልቅ ከቦታው ሾልኮ ኮፓው (የዘይት ገንዳው) ውስጥ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ብረት ብረትን ይፍቃል፣ ሞተሩም አይድንም። በአምፊካር ደግሞ አንዱ ፍሪሲዮን የመንገዱንም የውሃውንም ማርሽ ስለሚያገለግል፣ ውሃ መግቢያና መውጫ ላይ በተደጋጋሚ ይረገጣል።

መለኪያው እንዲህ ነው፦ የዳያል ጌጁ (ባለ መርፌ መለኪያው) ጫፍ ከፊት ፑሌጂያው (የቀበቶው መዘውር) ላይ ይቀመጣል፤ ክራንክ ሻፍቱ በእንጨት ወይም በሰፊ ካቻቢቴ ወደ አንድ ጫፍ ይገፋል፣ ጌጁ ዜሮ ይደረጋል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጫፍ ይሳባል። ትክክለኛው ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ነው። የኛው 0.38 አነበበ። በሁለት አዲስ መደበኛ ሮንዴላ 0.28 ሆነ፤ አሁንም ብዙ ነው። አንዱን በ0.13 በሚወፍረው ስንተካው 0.15 ላይ ቆመ። ጉድጎድ ያለው የሮንዴላ ገጽ ወደ ክራንክ ሻፍቱ ይዞራል። ወደ ባንኮው (የሞተሩ አካል) የገጠመው ሰው ዘይት እንዳይደርሰው አድርጎ በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል።

ቀሪው መደበኛ ነው። የቫልቩ ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ለሁሉም እኩል። ማስተካከያው በ9 ሕግ ይሠራል፦ 1ኛው ቫልቭ ሙሉ ሲከፈት 8ኛው ይስተካከላል፣ 3ኛው ሲከፈት 6ኛው፤ ድምሩ ሁልጊዜ 9 ነው። የፑንቲናው (የኤሌክትሪክ ማቋረጫው) ክፍተት 0.38፣ የካንዴላው 0.64 ሚሊ ሜትር። የእሳት ተራው 1-3-4-2። ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) አዲስ ሆኖ ቴስታታው በ60 ኒውተን ሜትር፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ደረጃ ታሰረ። ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ሲቀዘቅዝ እንደገና ተጠብቆ የቫልቩ ክፍተት ዳግም ታየ። የአራቱ ሲሊንደር መጭመቂያ 9.6፣ 9.8፣ 9.4 እና 9.7 ባር ሆነ።

11ኛ ሳምንት፦ ፕሮፔለርና ግራሶ

ካምቢዮው ባለ አራት ማርሽ ሲሆን የውሃው ማርሽ ለብቻው ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ አለው፣ የራሱም ዘንግ አለው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሊገቡ ይችላሉ፤ ከውሃ የሚወጣውም በዚህ ነው፦ ፕሮፔለሩ እየገፋ በአንደኛ ማርሽ ጎማው መሬቱን ሲነካ ይይዛል። ከሁለቱም የወጣው ዘይት በጠርሙስ ተደርጎ አንድ ሌሊት ተቀመጠ። የካምቢዮው ጥቁር ግን ንጹሕ ነበር፤ የውሃው ማርሽ ዘይት እንደ ወተት ቡና ሆኖ ከሥሩ የጣት ውፍረት ውሃ ቀረ። ፓራኦሊዮው (ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) ጠጥሯል። ኩሽኔታዎቹም ተቀየሩ፤ በላያቸው የታዩት የዝገት ነጠብጣቦች በእጅ ሲዞሩ አይሰሙም፣ ጭነት ሲመጣ ግን ይጮኻሉ፣ ከዚያም ይሰበራሉ።

ፕሮፔለሮቹ ናይለን ናቸው፤ ድንጋይ ሲነኩ ራሳቸው ተሰብረው ዘንጉን ያድናሉ። በፀሐይ የነጣና ጠርዙ የፈረፈረ ናይለን ግን አይታመንም። የአንዱ ጠርዝ በጥፍር ይሰነጠቅ ስለነበር ሁለቱም በአንድ ላይ ተለወጡ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሲሆን ሚዛኑ ይዛባል።

አሁን ወደ ግራሶ። በዚህ መኪና ላይ ግራሶ ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ ማሸጊያም ነው። ከቀፎው የሚወጡት ዘንጎች ውሃውን የሚከለክሉት ላስቲኩ ከያዘው ግራሶ ጋር ሆኖ ነው። ነጥቦቹ 13 ናቸው፤ ውሃ ውስጥ በየ5 ሰዓቱ ሁሉም መሞላት አለባቸው። አንዱ ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሆነ መቀመጫው ካልተነሳ አይደረስበትም፤ ብዙ መኪና የተበላሸው በዚያች አንዲት ኒፕል (የግራሶ መሙያ አፍ) ምክንያት ነው። 13ቱም ኒፕሎች አዲስ ገብተው፣ ዙሪያቸው በቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ ቁጥር ተጻፈባቸው። የኋላ መቀመጫው በአራት ብሎን ፈንታ በሁለት የእጅ መቆለፊያ እንዲነሳ ተደረገ። በረጅም ቱቦ ኒፕሉን ወደ ውጭ ማውጣት ቀላል ይመስላል፤ ሞክረን ተውነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ግራሶ ሲጠጥር ወይም ቱቦው ከመጨረሻው ሲላቀቅ ፓምፑ ላይ ያለው ሰው አያውቅም፤ የሞላ ይመስለዋል።

የግራሶው ዓይነት ወሳኝ ነው፦ በካልሲየም የተሠራ የጀልባ ግራሶ። የሶዲየም ግራሶ በውሃ ይሟሟል። አሞላሉም በቁጥር አይደለም፤ አሮጌው ወጥቶ ንጹሑ አዲስ ግራሶ በላስቲኩ ዙሪያ እኩል ቀለበት ሆኖ እስኪታይ ነው። የወጣው ግራሶ ግራጫና አረፋማ ከሆነ ውሃ ገብቷል ማለት ነው።

12ኛ ሳምንት፦ በሮቹ

የበሩ የታችኛው ጠርዝ ከውሃ መስመር በታች ነው። ለዚህም ከተራው እጀታ ሌላ በሩን ከላስቲኩ ጋር የሚጫን ሁለተኛ መቆለፊያ ከውስጥ አለ። የመቆለፊያው ሥራ መጫን እንጂ በሩን ወደ ቦታው መሳብ አይደለም፤ በሩ በማጠፊያው በትክክል ካልተሰቀለ መቆለፊያው አንዱን ማዕዘን ብቻ ይጨቁናል፣ ሌላው ይከፈታል።

ስለዚህ በሩ የተስተካከለው ያለ ላስቲክ ነው። በሩና ቀፎው መካከል ያለው ክፍተት በዙሪያው 9 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ማጠፊያው ሥር ቀጫጭን ሮንዴላ ገባ፤ ለግራው በር ከላይ አንድ፣ ከታች ሦስት። ከዚያ ባለ 14 ሚሊ ሜትር ውፍረት ለስላሳ የላስቲክ ማሸጊያ ገባ። መጋጠሚያው ሁልጊዜ ከላይ፣ ከውሃ መስመር በላይ ይሆናል። ማዕዘኑ ላይ በ45 ዲግሪ ቆርጦ ማጣበቅ አይቻልም፤ በሩ ሲዘጋ ላስቲኩ ይጎተትና የተጣበቀው ይከፈታል። ቀድሞ በሻጋታ የተሠራ ማዕዘን ይገዛል።

ፈተናው በወረቀት ነው። ሁለት ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ወረቀት በላስቲኩ ላይ ተደርጎ በሩ ይዘጋል፣ ሁለተኛው መቆለፊያ ይታሰራል፣ ወረቀቱ ይሳባል። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ መያዝ አለበት፣ ያውም በእኩል ኃይል። በግራው በር ከታች ፊት ለፊት ያለው ማዕዘን ላይ ወረቀቱ ሳይታገል ወጣ። ሲታይ ቀፎው ላይ ያለው የላስቲኩ መቀመጫ እዚያ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። ተጨማሪ ላስቲክ መደረብ ይቀላል፤ መቀመጫውን ራሱን በመዶሻ ማንሣት ግን ይሻላል። አነሣነው፤ ወረቀቱም ያዘ።

13ኛ ሳምንት፦ ፓምፑ

መጀመሪያ ስሌት። ከውሃ መስመር 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላ ያለች ባለ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በደቂቃ ወደ 8 ሊትር ታስገባለች። የማፍሰሻው ታፖ ያልታሰረበት ባለ 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ግን በደቂቃ ወደ 50 ሊትር፣ በሰዓት 3,000 ሊትር ያህል ያስገባል። በሰዓት 2,000 ሊትር ይመጥጣል ተብሎ የሚሸጥ ፓምፕ ይህን አይችልም። ስለዚህ ታፖው በተፈታ ቁጥር ቀይ ጨርቅ መሪው ላይ ይታሰራል፤ ጨርቁ የሚወጣው ታፖው በእጅ ተነክቶ ከታየ በኋላ ብቻ ነው።

ፓምፑ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አይሰጥም፤ በባልዲ ይለካል። ከተራው ሽቦ ጋር ተያይዞ 20 ሊትር ለመጣል 62 ሰከንድ ወሰደ፤ በሰዓት 1,160 ሊትር መሆኑ ነው። ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት ሲያነብ ፓምፑ ላይ 10.9 ብቻ ነበር። የ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትሩ ሽቦ በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲተካ ያው 20 ሊትር በ41 ሰከንድ ወጣ፤ 1,756 ሊትር በሰዓት። ፓምፑ በራሱ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪ ይነሳል፤ ቁልፉ ቢጠፋም ይሠራል። ሁለተኛ ፓምፕም ከመጀመሪያው 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ገባ፤ እሱ ሲነሳ ሹፌሩ ፊት ቀይ መብራት ይበራል፣ ያን ጊዜ ወደ ዳር መመለስ ነው።

14ኛ ሳምንት፦ ፍሬን

አራቱም ታምቡር ናቸው። አዲስ ሸራ፣ አዲስ ቱቦ፣ አዲስ ዘይት። የፍሬን ሸራ ከውሃ ሲወጣ አይዝም፤ ዳር ላይ በዝግታ እየሄዱ ፔዳሉን በቀስታ ተጭኖ ማድረቅ ግድ ነው። ዘይቱም በየዓመቱ ይለወጣል።

15ኛ ሳምንት፦ የመጀመሪያው ውሃ

ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ የጀልባ ማውረጃ ባለው ሐይቅ ዳር። ዝርዝሩ ላይ ያሉት 64 ብሎኖች፣ 13 ኒፕሎች፣ ታፖው፣ ሁለቱ በሮች አንድ በአንድ ታይተው ተፈረመባቸው። ከኋላ 30 ሜትር ገመድ ታሰረ፤ መንጠቆው የገባው በቀፎው ማጠንከሪያ ላይ እንጂ መከላከያው ላይ አይደለም። መኪናው ውስጥ አንድ ሰው ብቻ፣ የሕይወት ጃኬት ለብሶ፤ የደኅንነት ቀበቶ አይታሰርም። ምንጣፍ አልገባም፤ በየመጋጠሚያው ደረቅ የሕፃናት ዱቄት ተነሰነሰ፤ የውሃ መንገድ ዱቄቱ ላይ እንደ መስመር ይታያልና።

በአንደኛ ማርሽ በቀስታ፣ አፍንጫው ቀጥ ብሎ። የፊት ጎማዎቹ መሬት ሲለቁ የውሃው ማርሽ ገብቶ የመንገዱ ወጣ። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ጅራቱ ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ይህ የአምፊካር ተፈጥሮ ነው። የፊት ጎማዎቹ እንደ መሪ መቅዘፊያ ያገለግላሉ፤ ምላሻቸው ግን ዘገምተኛ ነው፣ ወደ ኋላ ሲኬድ ደግሞ ከናካቴው አይታመኑም።

በ10 ደቂቃ 6 ሊትር ውሃ ገባ። ለመጀመሪያ ቀን አያስደነግጥም፤ ምንጩ ግን መታወቅ ነበረበት። ዱቄቱ ሁለት መንገድ አሳየ። አንዱ ከግራው በር፣ ከዚያችው ከታች ፊት ማዕዘን፤ ወረቀቱ የያዘው መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ ነበር፣ ቀፎው ሲንሳፈፍ ደግሞ ጭነቱ ከአራት ጎማ ወደ ሙሉው ወለል ስለሚዛወር በሩ በፀጉር ያህል ይለወጣል። ሌላው ከፊት፣ የመሪው ዘንግ በሚያልፍበት ላስቲክ ነው፤ ማሰሪያ ቀለበቱ በአንድ በኩል ሾልኮ ተቀምጧል።

16ኛ ሳምንት

የመሪው ላስቲክ ማሰሪያ ተቀየረ፤ በአንድ ፈንታ ሁለት ሆኖ፣ የማጠንጠኛው ብሎን ወደ ላይ ዞሮ። ለበሩ ደግሞ የወረቀቱ ፈተና ቀፎው ከወለሉ ሥር ሙሉ በሙሉ በእንጨት ተደግፎ፣ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ተደገመ። በእርግጥም ማዕዘኑ ላይ ወረቀቱ ላላ። ከታችኛው ማጠፊያ ሥር አንድ ባለ 0.5 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ ወጣ፣ ወረቀቱ ያዘ። ከአሁን በኋላ የበር ማስተካከያ ሁሉ በዚህ ዓይነት ድጋፍ ላይ ብቻ ይደረጋል፤ ከመጀመሪያው እንዲህ መሆን ነበረበት።

ሁለተኛው ውሃ 30 ደቂቃ ፈጀ፤ የገባው 0.4 ሊትር ነው። ፓምፑ አልተነሳም። ከወጣ በኋላ ታፖው ተፈቶ ቀዩ ጨርቅ መሪው ላይ ታሰረ፣ ሁሉም ኮፈንና በር ተከፍቶ አንድ ሌሊት አየር ነፈሰበት፣ 13ቱ ኒፕሎችም በሙሉ ተሞሉ። ከ12ቱ የወጣው ግራሶ ንጹሕ ነበር። ከ9ኛው፣ ማለትም ከኋላ መቀመጫ ሥር ካለው፣ ትንሽ ግራጫ ወጣ፤ ላስቲኩ ታዝዟል፣ እስኪመጣ መኪናው በመንገድ ብቻ ይሄዳል።